ሁለተኛው እትም ለምን ይቀራል?

የአንባቢያን ጥያቄ ዓምድ። በዚህ ወር የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ከሰሜን ሸዋ የመጡ ናቸው፤ ሁሉም የራስን የግጥም መጽሔት ስለማዘጋጀት ይጠይቃሉ።

ጥያቄ፦ ሰባት ሆነን 48 ገጽ ያለው የግጥም መጽሔት ልናወጣ ነው። 100 ቅጂ ብናሳትም የአንዱ ዋጋ ከ500ው እጥፍ በላይ እንደሚሆን ማተሚያ ቤቱ ነገረን። 500 እናሳትም? (የግጥም ክበብ፣ ደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አታሳትሙ። ማተሚያ ቤቱ አልዋሻችሁም፤ ግን የነገራችሁ የማተሚያውን ሒሳብ እንጂ የእናንተን አይደለም። የኦፍሴት፣ ማለትም በፕሌት የሚታተም ኅትመት፣ ዋጋ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ መቶ ቢታተም ሺህ ቢታተም የማይለወጠው ነው፦ የገጽ ቅንብር፣ ፕሌት (የቅጠሉ አንድ ፊት ገጾች የሚቀረጹበት ስስ የብረት ሰሌዳ)፣ ማሽን ማዘጋጃ። 61 በ86 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አንድ ቅጠል ወረቀት 32 የኤ5 (የኤ4 ግማሽ) ገጽ ይወጣል፤ 48 ገጽ ማለት አንድ ተኩል ቅጠል ነው። ውስጡ በጥቁር ብቻ ቢታተም ሦስት ፕሌት፣ ባለ ቀለም ሽፋኑ አራት ፕሌት ይፈልጋል። ሰባቱ ፕሌቶች ለ100ም ለ500ም ያው ሰባት ናቸው። ሁለተኛው ክፍል ወረቀት፣ ቀለምና ጥረዛ ሲሆን ከቅጂው ብዛት ጋር ይጨምራል።

ለምሳሌ ያህል የማይለወጠውን 15,000 ብር፣ የሚጨምረውን በቅጂ 45 ብር እንበል። 100 ቅጂ 19,500 ብር ይፈጃል፣ አንዱ በ195 ብር ይወጣል። 500 ቅጂ 37,500 ብር ነው፣ አንዱ በ75። እዚህ ላይ ነው ብዙ ክበብ የሚሳሳተው። በ120 ብር ስትሸጡ መጻሕፍት መደብሩ 30 በመቶ ቢወስድ 84 ብር ይቀራችኋል። 150 ቅጂ ቢሸጥ የሚመለሰው 12,600 ብር ነው። 24,900 ብር ጎደለ፤ 350 መጽሔት ደግሞ አልጋ ሥር ገባ። ሁለተኛው እትም የሚቀረው በዚህ ምክንያት እንጂ ግጥም ጠፍቶ አይደለም፤ ግጥምማ በየቤቱ ሞልቷል።

ስለዚህ ከማተም በፊት ቁጠሩ። ገንዘቡን አስቀድሞ የከፈለ 60 ሰው ካለ፣ ለ25 ገጣሚ አንድ አንድ፣ ለሽያጭና ለመጠባበቂያ 15፣ ድምሩ 100 ነው። በዚህ ብዛት ኦፍሴትን ተዉት፤ ዲጂታል ማተሚያ ወይም ዱፕሊኬተር (የማባዣ ማሽን) ይበቃል። የሁለተኛውን እትም የወረቀት ዋጋም የመጀመሪያው ከመታተሙ በፊት ለብቻው አስቀምጡ። ይህን ማድረግ ካልቻላችሁ 48ን ወደ 24 ገጽ ዝቅ አድርጉ።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤታችን ፈተና የሚያባዛበት ዱፕሊኬተር አለው። መጽሔት ይወጣበታል? (መምህርት፣ መሐል ሜዳ)

መልስ፦ በደንብ ይወጣበታል፤ በፈተና ሰሞን ብቻ እንዳይጠይቁ። ማስተሩን (ገጹ የሚቀረጽበትን ስስ ወረቀት) እና የሚታተምበትን ወረቀት ራስዎ ይግዙ።

ኤ4 ወረቀት መሐሉ ላይ ሲታጠፍ አራት የኤ5 ገጽ ይሰጣል፤ 24 ገጽ 6 ቅጠል ነው። ለ100 ቅጂ 600 ቅጠል ያስፈልጋል። የሚበላሸውን ጨምረው አንድ ደስጣ (500 ቅጠል) ከ130 ቅጠል ይያዙ። ለ12 ፊት 12 ማስተር ይሄዳል። ገጾቹን ሲያስቀምጡ ጎን ለጎን የሚውሉት ሁለት ቁጥሮች ሲደመሩ ሁልጊዜ 25 መምጣት አለባቸው፦ በመጀመሪያው ቅጠል አንድ ፊት 24 እና 1፣ በጀርባው 2 እና 23፣ በሁለተኛው 22 እና 3፣ እያለ ይቀጥላል። ከማባዛትዎ በፊት ስድስት ባዶ ቅጠል አጥፈው በእርሳስ ቁጥር ይጻፉበትና ይዩት፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፣ የሚያድነው ግን ደስጣ ሙሉ ወረቀት ነው።

የዱፕሊኬተር ቀለም የሚደርቀው ወረቀቱ ሲመጠው ነው። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ስለማይመጠው እጅ ላይ ይቀራል። በመሐል ሜዳ ብርድ ደግሞ መድረቁ ይዘገያል፤ አንዱን ፊት አትመው አሳድረው በማግሥቱ ጀርባውን ያትሙ። ተቸኩሎ የተገለበጠ እንደሆነ የአንዱ ገጽ ግጥም በሌላው ላይ ጥላ ይጥላል። በክረምት የተከፈተ ደስጣ እርጥበት ስቦ ይወላገዳል፣ ማሽኑም ውስጥ ይሰነቀራል፤ ስለዚህ እስከ ሥራው ሰዓት ድረስ መጠቅለያውን አይክፈቱ።

እጥፋቱን በማንኪያ ጀርባ ይጫኑት፤ ክንዱ ረጅም በሆነ ስቴፕለር መሐሉን ሁለት ቦታ ይምቱት። ስድስት ቅጠል ሲታጠፍ የውስጠኛው ወደ ውጭ የሚወጣው ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ መቆረጥ የግድ አይደለም። አሥራ ሁለት ቅጠል ከሆነ ግን ከአንድ ሚሊ ሜትር ያልፋልና ዳሩ መስተካከል አለበት፤ ያኔ የገጽ ቁጥሩን ከዳሩ ቢያንስ 12 ሚሊ ሜትር አርቀው ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ግጥም ብቻ እያተመ የኖረ መጽሔት አለ? ገንዘቡን ከየት ያገኛል? (አንኮበር)

መልስ፦ አለ። በአሜሪካ ቺካጎ ሃሪየት ሞንሮ የምትባል ገጣሚ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1912 የመሠረተችው «ፖይትሪ» ዛሬም ይታተማል። ሞንሮ ብልሃቷ ቀላል ነበር፦ መጀመሪያ ግጥም አልሰበሰበችም፣ መጀመሪያ ሰው ሰበሰበች። ወደ መቶ የሚጠጉ ሰዎች እያንዳንዳቸው በዓመት 50 ዶላር ለአምስት ዓመት እንዲሰጡ ቃል አስገባች። በዚያ ገንዘብ ለገጣሚዎች መክፈል ቻለች፤ ያኔ እምብዛም የማይታወቀውን ቲ. ኤስ. ኤሊየትን በ1915 ያተመችውም እሷ ናት። ብዙ ቆይቶ በ2002 ሩት ሊሊ የተባለች ባለጸጋ 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመጽሔቱ ሰጠች። መጽሔቱ ግጥሞቿን መልሶባት ነበር። ይህን ሁለተኛውን ዕድል አትጠብቁ፤ የመጀመሪያውን ብልሃት ግን እዚያው አንኮበር መሞከር ይቻላል። «እርዱን» ከማለት ይልቅ «ለአራት እትም ይህን ያህል ክፈሉ» በሉ። ቁጥርና ማብቂያ ያለው መዋጮ ይከፈላል።

በአገራችንም ትንሽ መጀመር ነውር አልነበረም። በ1890ዎቹ ዓ.ም. አንድሬያስ ካቫዲያስ የተባለው ግሪካዊ ያዘጋጀው «አእምሮ» ጋዜጣ ሲጀምር በእጅ እየተገለበጠ 24 ያህል ቅጂ ነበር፤ ማባዣ ማሽን የመጣለት ኋላ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ገጣሚ «ፊደሌን ለወጣችሁብኝ» ብሎ ተቆጣ። እኛ ያስተካከልነው የፊደል አጻጻፍ ብቻ ነው። ጥፋቱ የማን ነው? (ሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ የእናንተ ሳይሆን አይቀርም። በስድ ንባብ አንድ ዓይነት አጻጻፍ መርጦ መጽሔቱን ሁሉ በዚያ መሄድ ጥሩ ልማድ ነው። በግጥም ግን ፊደሉ ራሱ ወርቁን ሊይዝ ይችላል። በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ ብቅ አለ ነው፤ «ሰረቀ» ሌባው ያደረገው ነው። ስለ ፀሐይ የተጻፈን ስንኝ ወደ አንዱ ሰ ያዞረ አራሚ ፀሐይዋን ሌባ አድርጓታል። ገጣሚው ሆን ብሎ ሌባ አድርጓት እንደሆነ ደግሞ «እርማቱ» ቅኔውን ያፈርሳል።

ማጥበቅና ማላላትም እንዲሁ ነው። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ፣ ሲላላ ጊዜው ያልደረሰው ነው፤ ጽሑፋችን ሁለቱን አይለይም፣ የቅኔው ጨዋታም ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው። አንባቢ እንዲገባው ብላችሁ በግርጌ ማስታወሻ አትፍቱት።

ልኩንም ጠብቁ። ከግጥም ቤቶች የወል ቤት በእያንዳንዱ ሐረግ (በስንኙ ግማሽ) ስድስት፣ ሰንጎ መገን አምስት፣ የጸጋዬ ቤት ስምንት ቀለም፣ ማለትም የድምፅ ምት፣ ይይዛል። ስድስት ቀለም በያዘ ሐረግ ውስጥ «እንደ»ን «ልክ እንደ» ብሎ ያሻሻለ ሰው ሰባት አድርጎታል። አሠራሩ ይህ ይሁን፦ አንድ ሰው ከገጣሚው ረቂቅ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሌላው ከተቀናበረው ገጽ ይከተል። ከዚያ ገጹን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ለገጣሚው ላኩ። «እሺ» ሳይል አይታተም።

ጥያቄ፦ በኢሜይል የሚላኩልን ግጥሞች ሲከፈቱ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናሉ። (ዓለም ከተማ)

መልስ፦ በቆዩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ናቸው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር የሚሰጥ የኮምፒዩተር ሥርዓት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች ፊደላችንን በላቲኑ ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር፣ አሁንም የሚጠቀምባቸው አለ። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒዩተር የሚያሳየው ላቲኑን ነው። ላኪው በዩኒኮድ እንዲልክ፣ ካልቻለም ፒዲኤፍ እንዲጨምር ጠይቁ። ቀይራችሁ ከሆነ ሥርዓተ ነጥቡንና ቁጥሩን በተለይ እዩ፤ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚያ ነው።

በቴሌግራም የመጣ ግጥም ሌላ ጣጣ አለው፦ ስልኩ የሰበረው መስመርና ገጣሚው የሰበረው መስመር አይለዩም። የእጅ ጽሑፉን ፎቶ አስልኩ። ኤ5 ገጽ ላይ በ11 ነጥብ ፊደልና በ16 ነጥብ የመስመር ርቀት 30 መስመር ገደማ ይገባል። የጸጋዬ ቤትን ሁለት ዓምድ ላይ አታስጨንቁት፣ አይገባም። የግድ መሰበር ካለበት ሐረጉ ላይ ሰብራችሁ ቀጣዩን ወደ ውስጥ አስገቡት።

ጥያቄ፦ ፈቃድ ያስፈልጋል? የግጥሙስ መብት የማን ነው? (አረርቲ)

መልስ፦ በየጊዜው ለሕዝብ የሚሰራጭ መጽሔት ምዝገባን የሚመለከተው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ነው፤ ሽያጭ ከመጀመራችሁ በፊት የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣንን ጠይቁ። መብቱ የገጣሚው ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃው ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። «አንድ ጊዜ እንድታትሙ ፈቅጃለሁ» የሚል አጭር ወረቀት አስፈርሙ፤ በኋላ የግጥም መድበል ሲያወጣ አትከልክሉትም፣ አይከሳችሁም።

ጥያቄ፦ «ቅጽ» እና «ቁጥር» ልዩነታቸው ምንድን ነው? የሚያዝያው እትም ሰኔ ላይ ቢደርስስ? (ደብረ ሲና)

መልስ፦ ቅጽ መጽሔቱ የወጣበት ዓመት ነው፣ ቁጥር በዚያ ዓመት ውስጥ ያለው ተራ ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚወጣ መጽሔት ሁለተኛ ዓመቱን በቅጽ 2 ቁጥር 1 ይጀምራል። ከዘገያችሁ የወሩን ስም «ሰኔ» በሉት፣ ቁጥሩን ግን አትዝለሉ፤ ዘልላችሁ ከሆነ ያልታተመውን እትም የሚፈልግ አንባቢ ስልካችሁን አያሳርፈውም።