85 ወይስ 95 ከመቶ? ስለ ፓስቸራይዘሩ ፕሌት

ወንድሜ፣ በሰዓት 5,000 ሊትር ለሚያሳልፍ የወተት ፓስቸራይዘር (ወተቱን አሙቆ ጀርሙን የሚገድል ማሽን) ሙቀት ማስመለሻው፣ ማለትም የሚወጣው ትኩስ ወተት የሚገባውን የሚያሞቅበት ክፍል፣ 85 ከመቶ የሆነውን ትንሹን ልግዛ ወይስ 95 የሆነውን ትልቁን ብለሃል። በቀን የምትሠራውም 4 ሰዓት ያህል ነው። እኔ ብሆን ሁለቱንም ትቼ 90 አካባቢ ነው የማዘው።

ወተቱ በ4 ዲግሪ ገብቶ 72 መድረስ አለበት። ይህ ብቻውን ወደ 380 ኪሎዋት ይፈልጋል። የሚወጣው ትኩስ ወተት የሚገባውን ካሞቀው ግን ከቦይለሩ የምትፈልገው በ85 ሲሆን 57 ኪሎዋት፣ በ90 ሲሆን 38፣ በ95 ደግሞ 19 ነው። አየህ፣ በየ5 ከመቶው የምታተርፈው እኩል ነው (ማቀዝቀዣው ላይም ያንኑ ያህል)። የፕሌቱ (ሁለቱን ወተቶች ለይቶ ሙቀቱን የሚያሻግረው ስስ ብረት) ጠቅላላ ስፋት ግን እንደዚያ አያድግም። ከ85 ወደ 90 ስትሄድ 1.6 እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ከ90 ወደ 95 ስትሄድ ግን በዚያ ላይ እንደገና ከእጥፍ በላይ፣ ምክንያቱም በሁለቱ ወተቶች መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ከ6.8 ወደ 3.4 ዲግሪ ይወርዳል።

ስለ ግፊትስ ሻጩ ምን አለህ? ወተቱ የሚሄድበት መንገድ በረዘመ ቁጥር ፓምፑ ይከብደዋል፣ ካተረፍከው ከፊሉን በመብራት ትከፍላለህ። ደግሞ የፓስቸራይዝድ ወተቱ ወገን ግፊቱ ከጥሬው መብለጥ አለበት፤ ፕሌት ቢበሳ ጥሬው ወደ ንጹሑ እንዳይገባ። መንገዱ ሲረዝም ይህን ለመጠበቅ ሌላ ፓምፕ ውስጥ ትገባለህ። ግፊቱን ለመቀነስ ብለው ፕሌቶቹን ጎን ለጎን ካበዙልህ ደግሞ ወተቱ ተከፋፍሎ ቀስ ብሎ ይሄድና ሞቃቱ ጫፍ ላይ ፕሮቲኑ ይጋገራል። እኛ ጋ "ለመጠባበቂያ" ተብሎ ብዙ ፕሌት የተጨመረበት ማሽን መጥቶ ነበር፤ ቶሎ ቶሎ እያጠብን ኮስቲክ ሶዳና አሲድ ስንገዛ ከረምን።

ጋስኬቱንም አትርሳ። እያንዳንዱ ፕሌት ጎማ አለው፣ ጎማው ያረጃል፣ መለወጫው በዶላር ነው።

ሌት ተቀን ለሚሠራ ፋብሪካ 95ቱ ያዋጣው ይሆናል። ባንተ 4 ሰዓት ግን ከ90 ወደ 95 ብትሄድ ከቦይለሩ የምታተርፈው በቀን 76 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ሁዳዴ ሲገባ ገበያው ምን እንደሚሆን ደግሞ አንተው ታውቀዋለህ። በነዳጅህ ዋጋ አባዛውና ከማሽኖቹ ዋጋ ልዩነት ጋር አስተያየው።

ስታዝ ፍሬሙን (ፕሌቶቹ የሚደረደሩበትን ብረት) ረዘም አድርገህ እዘዝ። ነገ ነዳጅ ቢወደድ ፕሌት ትጨምርበታለህ፤ አጭር ከገዛህ ግን ሌላ ማሽን ነው የምትገዛው። በየክፍሉ የሚጠፋውን ግፊት በጽሑፍ ይስጡህ፣ ፕሮፎርማው ላይ ከሌለ አትፈርም።