ልጄ ከመደርደሪያው የትኛውን ያንሳ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የሁለት ወር ሕፃን ያላቸው እናት፣ ለእንዲህ ያለ ልጅ ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ መዋስ ከንቱ ድካም እንዳይሆን ይሰጋሉ።

መልስ፦ ከንቱ አይደለም። ሕፃን በተወለደ ሰሞን ደኅና አድርጎ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያለውን ሲሆን፣ ይህም በእቅፍ ሆኖ የእናቱን ፊት የሚያይበት ርቀት ነው። ስለዚህ ጥቁርና ነጭ ጎልተው የሚለዩበት፣ ገጹ ከወፍራም ካርቶን የተሠራ መጽሐፍ ይዋሱና አቅፈውት ያንብቡለት። ጥቂት ወራት ቆይቶ መጽሐፉን ወደ አፉ ይወስደዋል፤ ገጹ ወፍራም የሆነውም ለዚሁ ነው። ስለ ዓይኑ የሚያሳስብዎት ነገር ካለ የሕፃናት ሐኪም ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የሦስት ዓመት ልጃቸው አንዱኑ መጽሐፍ ለአራተኛ ጊዜ እንዲዋሱላት የምታስቸግራቸው አባት፣ ይህ የጤና ነው ወይ ይላሉ።

መልስ፦ የጤና ነው፤ ልጅ አዲስ ቃል የሚይዘው ደጋግሞ በመስማት ስለሆነ፣ የውሰት ጊዜውን ያሳድሱላት።

ጥያቄ፦ ልጄ ሰባት ዓመት ሞልቶት ብቻውን ማንበብ ጀምሯል፤ እንዳይሰንፍ ስል እኔ ላነብለት አልፈልግም፤ ለዕድሜው የሚሆን መጽሐፍ ብቻ ይጠቁሙኝ።

መልስ፦ መጽሐፉን ከመጠቆሜ በፊት፣ ማንበብዎን እንዳያቆሙ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ብዙ ወላጆች ልጁ ፊደል መግጠም በቻለ ማግስት ያቆማሉ፤ በቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ባገለገልኩባቸው ዓመታት ከዚህ የበለጠ ያሳዘነኝ ነገር የለም። ገና ማንበብ የጀመረ ልጅ ኃይሉን ሁሉ የሚጨርሰው ፊደል ከፊደል በማያያዝ ነው፤ በዚህም ምክንያት ብቻውን ሊወጣው የሚችለው መጽሐፍ፣ አእምሮው ሊረዳው ከሚችለው ታሪክ እጅግ ያነሰና የቀለለ ይሆናል። በጆሮው ግን ረጅም ታሪክ፣ ውስብስብ ባሕርይና ከባድ ቃል ይከተላል። በመስማትና በማንበብ መካከል ያለው ይህ ክፍተት በብዙ ልጆች ዘንድ እስከ አሥራዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ይዘልቃል። ደግሞም ለልጆች በተጻፉ መጻሕፍት ውስጥ፣ ዐዋቂዎች እርስ በርስ ሲጨዋወቱ ከሚያወጧቸው ይልቅ ብርቅ የሆኑ ቃላት ይበዛሉ። ልጅዎ እነዚህን ቃላት ካላነበቡለት ከየት ይሰማቸዋል?

ስለዚህ በሄዱ ቁጥር ሁለት ዓይነት መጽሐፍ ይዋሱ። አንደኛው እሱ ራሱ የሚያነበው ነው። ይህን ለመምረጥ አንዱን ገጽ ገልጦ ያንብብ፤ ባላወቀው ቃል ላይ አንድ አንድ ጣት ያጥፍ፤ ከገጹ መጨረሻ ሳይደርስ አምስቱም ጣቶች ከታጠፉ መጽሐፉ ለጊዜው ብቻውን የሚወጣው አይደለም። ያን መጽሐፍ ግን አይመልሱት፤ ሁለተኛው እሱ ነውና፤ ማታ ማታ እርስዎ ያነቡለታል። በመጽሐፉ ጀርባ ላይ የተለጠፈው የዕድሜ ቁጥር የእኛ የባለሙያዎቹ ግምት እንጂ በልጁ ላይ የተጣለ አጥር አይደለም።

ጥያቄ፦ የዘጠኝ ዓመቱ ልጃቸው ከሥዕላዊ ታሪክ ሌላ እንደማይነካ፣ «ሥዕል ማየት ደግሞ ማንበብ አይደለም» ብለው እንደከለከሉት የጻፉልን አባት ምክር ይሻሉ።

መልስ፦ ክልከላውን ያንሱ። ሥዕላዊ ታሪክ የሚያነብ ልጅ ንግግሩን ከፊት ገጽታ ጋር ያዛምዳል፤ በሁለት ሥዕሎች መካከል ያልተነገረውንም ራሱ ይሞላል። ይህ ማንበብ ነው፤ የወደደውን ከእጁ የነጠቁት ልጅ ሌላውን ያነሳል ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው።

ጥያቄ፦ የአሥር ዓመቷ ልጄ የዐዋቂ ልብ ወለድ ያለ ችግር ታነባለች፤ ወደ ዐዋቂዎች ክፍል ልውሰዳት?

መልስ፦ ቃሉን ማንበብ መቻልና ነገሩን መሸከም መቻል ይለያያሉ። ይውሰዷት፤ ነገር ግን መጽሐፉን አስቀድመው ይዩት፣ ወይም አብረው ያንብቡት፤ ያስደነገጣትን ነገር የምትጠይቀው ሰው አጠገቧ ይኑር።

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጃችን ልብ ወለድ ሰልችቶታል።

መልስ፦ ልብ ወለድ ለማንበብ ግዴታ የለበትም። ቤተ መጻሕፍታችሁ እ.ኤ.አ. በ1876 የታተመውን የሜልቪል ዲዊን አመዳደብ፣ ማለትም መጻሕፍትን በርዕሰ ጉዳያቸው በቁጥር የሚለየውን ሥርዓት፣ የሚከተል ከሆነ፣ ቁጥሮቹን ያሳዩትና ብቻውን ይልቀቁት፤ ሥነ ፈለክ 520 ላይ፣ ዳይኖሰር 567.9 ላይ፣ ወፎች 598 ላይ፣ ስፖርት 796 ላይ ይገኛሉ። 398.2ን እንዲያልፍ ግን አልመክርም፤ የዓለም ሕዝቦች ተረት የተሰበሰበው እዚያ ነው፤ አንዱ ተረት በአንድ መቀመጫ ስለሚያልቅም ረጅም መጽሐፍ ለሚፈራ ልጅ ይስማማል።

ጥያቄ፦ የስምንት ዓመት ልጃቸው ብልህና ተናጋሪ ሆና ሳለ፣ ፊደል እየተምታታባት፣ መጽሐፍ ሲከፈት ራሴን አመመኝ እያለች የምታለቅስባቸው እናት፣ የሚስባት መጽሐፍ እንድነግራቸው ይጠይቃሉ።

መልስ፦ መጽሐፍ ልነግርዎ አልችልም፤ ልጅዎን ያስመርምሩ። በመጀመሪያ ዓይኗና ጆሮዋ ይታዩ፤ እነዚህ ደኅና ከሆኑ የንባብ ችግርን ወደሚመረምር ባለሙያ ይውሰዷት፤ ለቀጠሮውም የትምህርት ዓመቱ እስኪያልቅ አይጠብቁ። ዲስሌክሲያ የሚባለው የንባብ እክል ከብልህነት ማነስ ወይም ከስንፍና የሚመጣ አይደለም፤ በተለየና በተደጋጋሚ ሥልጠና ይረዳል፤ እርዳታው ቶሎ ሲጀመር ደግሞ ይቀላል። «ስታድግ ይለቃታል» የሚልዎትን ሰው እባክዎን አይስሙ። እስከዚያው ድረስ በጆሮ የሚደመጥ መጽሐፍ ይዋሱላት፤ ታሪኩ የሷም ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ የተዋሰውን መጽሐፍ ቀደደው፤ በፕላስተር ልጠግነው?

መልስ፦ አይጠግኑት፤ የቤት ፕላስተር ሙጫው ውሎ አድሮ ወረቀቱን ቢጫ ያደርገዋልና፣ የተቀደደውን ቁራጭ ገጹ ውስጥ አስገብተው ለማዋሻ ክፍሉ ይንገሩ።