እርከኑ ለምን ተበጠሰ?

ጥያቄ፦ ቁልቁለት ላይ ባለው ማሳዬ በበጋ የአፈር እርከን ሠራሁ። ክረምቱ ሲበረታ ሁለት ቦታ ተበጥሶ ከሥሩ ጉልበት የሚያደርስ ቦረቦር ተከፈተ። ከዚያ በፊት ቦረቦር የሚባል አልነበረኝም። የት ላይ ተሳሳትኩ?

መልስ፦ ጥፋቱ ቅየሳው ላይ ይመስለናል። አፈሩ ደካማ ቢሆን ኖሮ እርከኑ በብዙ ቦታ ይናድ ነበር፤ ሁለት ቦታ ብቻ ከተበጠሰ ውኃው እዚያ ተጠራቅሟል። ቁልቁለት ላይ ዓይን ይታለላል። የእርከኑ አንድ ቦታ በ20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ካለ የርዝመቱ ሁሉ ውኃ ወደዚያው ይሄዳል። ቀድሞ በማሳው ተበትኖ ይወርድ የነበረው ጎርፍ አሁን በአንድ በር ወጣ፤ ቦረቦሩንም የቆፈረው እሱ ነው።

ስለዚህ በግምት አይቀይሱ። እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት እንጨቶች፣ 10 ሜትር ሲባጎና የሚንጠለጠል ውኃ ልክ ከሦስት ሰው ጋር ይበቃሉ። አንደኛው እንጨት ባለበት ይቆማል፤ ሁለተኛው የውኃ ልኩ አረፋ መሃል እስኪገባ ወደ ላይና ወደ ታች ይፈልጋል፤ እዚያ ችካል ይተከላል። ውኃ ልኩ ልክ 5ኛው ሜትር ላይ ይንጠልጠል፤ ሲባጎ ስለሚረግብ ከመሃል ከወጣ ንባቡ ይዛባል።

ርቀቱም ከተዳፋቱ ይወጣል። መሬቱ በ10 ሜትር 1 ሜትር ከወረደ ተዳፋቱ 10 በመቶ ነው። እስከ 15 በመቶ ድረስ በሁለት እርከኖች መካከል የ1 ሜትር የከፍታ ልዩነት ይያዙ፤ ለ10 በመቶ 10 ሜትር፣ ለ5 በመቶ 20 ሜትር ርቀት ይሆናል። ከ15 በመቶ በላይ ለሆነ ተዳፋት የአፈሩን ጥልቀት በ2.5 ያባዙና የከፍታ ልዩነቱን ያገኛሉ።

ዝናቡ ብዙ ከሆነ ወይም አፈሩ ውኃ የማያሰርግ ጥቁር አፈር ከሆነ ምንም የማያዘነብል እርከን ሞልቶ ይፈሳል፤ ሰብሉንም ያኮስሳል። እንዲህ ባለ ቦታ የእርከኑ ቦይ (አፈሩ ተቆፍሮ የወጣበት) በየ10 ሜትሩ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ያዘንብልና ሣር በለበሰ የውኃ መውረጃ ይጨርስ። መውረጃው ቀድሞ ካልተዘጋጀ ማዘንበሉ ሌላ ቦረቦር ይወልዳል።

ሥራውን ከላይ ይጀምሩ፤ ከማሳው በላይ ጎርፍ የሚመጣ ከሆነ ከሁሉ በፊት መቀልበሻ ቦይ ይውጣለት። አፈሩን ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር እየደረቡ ይጠቅጥቁ፤ ተጠቅጥቆ ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር ይድረስ። በቦዩና በአፈሩ ቁልል መካከል አንድ ስንዝር የሚያህል መርገጫ ይተዉ፤ አለዚያ አፈሩ ተመልሶ ቦዩን ይሞላዋል።

የተበጠሰውን ቦታ አፈር ጭኖ መድፈን ብቻ አይበቃም። ጫፉ ከቀሪው እርከን ጋር እኩል እስኪሆን ከፍ ያድርጉት፤ ቦረቦሩንም በየደረጃው በድንጋይ ክትር ይዝጉት። የክትሩ መሃል ከሁለቱ ዳር ዝቅ ይበል። መሃሉና ዳሩ እኩል ከሆነ ውኃው በጎን ዞሮ ዳሩን ይበላዋል።

ጥያቄ፦ እርከን ላይ ሣር መቼ ይተከላል?

መልስ፦ ዝናቡ ገብቶ አፈሩ እንደራሰ፣ ቁልሉ ከተሠራ በኋላ በሚመጣው በመጀመሪያው ክረምት። ቬቲቨር የተባለውን ሣር ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር አራርቀው ይትከሉት። ከብት አይግባበት፤ ሣሩን አጭደው ያብሉ። ሲያርሱም በእርከኑ አግድም ይረሱ፤ ማረሻው የቁልሉን ሥር አይንካ።