ችግኝ እየሞተባችሁ ያላችሁ ጠይቁኝ፣ የግሮው ቴንት ጥያቄና መልስ

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ሰሞኑን ቤት ውስጥ በግሮው ቴንት (በመብራት ተክል የሚያድግበት ዝግ ድንኳን) ችግኝ የሚያፈሉ ሰዎች በውስጥ መስመር የሚልኩልኝ ጥያቄ በዝቷል፣ አብዛኛው ደሞ ተመሳሳይ ነው፣ ስለዚህ ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ሁላችንም እያየነው ብናወራው ይሻላል ብዬ ነው። ቲማቲምም ይሁን ቃሪያም ይሁን ሰላጣ ያላችሁን ጠይቁ። ብቻ ስትጠይቁ ፖቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ አፈሩ ምን እንደሆነ፣ መብራቱ ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደተሰቀለና መጨረሻ ያጠጣችሁት መቼ እንደሆነ ጻፉልኝ፣ "ችግኜ ታመመብኝ" ብቻ ብላችሁ ዝም ካላችሁ ጠንቋይ አይደለሁም ሃሃ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ቲማቲሞቼ ከበቀሉ ሁለት ሳምንት ሊሆናቸው ነው፣ መጀመሪያ ቆንጆ ነበሩ አሁን ግን አንገታቸውን ደፍተው ቅጠላቸው ወደ ታች ታጥፏል። የጠማቸው መስሎኝ ጠዋትና ማታ እያጠጣሁ ነው ጭራሽ ባሰባቸው። ፖቱ ግማሽ ሊትር ነው፣ ተራ የችግኝ አፈር።

መልስ፦ ጠዋትና ማታ የምትለዋን ሳነብ ገባኝ። አልጠማቸውም ወንድሜ፣ ውሃ በዝቶባቸው ነው። ሥር ውሃ ብቻ ሳይሆን ኦክስጅንም ይፈልጋል፣ ኦክስጅኑን የሚያገኘው ደሞ በአፈሩ ቅንጣቶች መሃል ካለው ክፍተት ነው፣ አንተ አፈሩ ሳይደርቅ ደጋግመህ ስትጨምርበት ያ ክፍተት በውሃ ይሞላና ሥሩ ይታፈናል። የታፈነ ሥር ውሃ መሳብ ያቅተዋል፣ ለዛ ነው ውሃ ውስጥ ተቀምጦ የጠማው የሚመስለው፣ አንተም ታይና ታዝንለትና ትጨምርለታለህ፣ እሱም ይብስበታል።

እንዴት ትለያለህ፣ ቅጠሉን በሁለት ጣትህ ያዝ አድርገው። ውሃ የጠማው ቅጠል ስስና ልፍስፍስ ያለ ነው፣ ውሃ የበዛበት ግን ወፈር ጠንከር ብሎ ከእጀታው ጀምሮ ወደ ታች ይታጠፋል። ከዛ ፖቱን አንሳው። ከቅጠሉም በላይ የማምነው ክብደቱን ነው። እጅህ እስኪለምድ ድረስ ያንኑ ዓይነት ፖት በዛው አፈር ሞልተህ ምንም ሳትተክልበት ደረቁን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ከማጠጣትህ በፊት በአንድ እጅህ ደረቁን በሌላው ችግኙ ያለበትን አንሳና አወዳድር፣ ወደ ደረቁ እየተጠጋ ካልሆነ ውሃውን መልሰህ አስቀምጥ።

አሁን ውሃ አቁም፣ ሳህኑ ላይ የተጠራቀመ ካለ ድፋው፣ ፖቶቹን ከሥራቸው አየር እንዲያልፍ ወንፊት ወንፊት ባለ ነገር ላይ ከፍ አድርጋቸው። ማዳበሪያ፣ ቫይታሚን፣ ሥር ማጠንከሪያ ምናምን እንዳትጨምር። የታጠፉት ቅጠሎች ላይመለሱ ይችላሉ፣ አንተ ከመሃል የሚወጣውን አዲሱን ቅጠል ነው የምታየው፣ እሱ ቀጥ ብሎ አረንጓዴ ሆኖ ከወጣ ተርፈዋል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ በየስንት ቀኑ ላጠጣ? ቁጥር ንገረን እንጂ።

መልስ፦ ቁጥር የለውም እኮ። ትንንሽ ሴል ያለው ትሬይ ላይ ያለ በየቀኑ ሊፈልግ ይችላል፣ አንድ ሊትር ፖት ላይ ያለ ትንሽ ችግኝ ደሞ አምስት ቀንም ሊቆይ ይችላል፣ መብራቱ ሲጠነክር፣ ሙቀቱ ሲጨምር፣ ፋኑ ሲበረታ ሁሉም ይቀየራል። ፖቱን አንሱ።

ጥያቄ፦ ማታ ደህና የነበሩ የሰላጣ ችግኞች ጠዋት ስነሳ ተጋድመው አገኘኋቸው፣ ግንዳቸው ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ጋ ክር አክሏል። ትሬዩ እስካሁን በፕላስቲክ ክዳኑ ነው ያለው። ማዳን ይቻላል?

መልስ፦ የወደቁትን አይቻልም እህቴ፣ አትድከሚባቸው። ይሄ በአፈር ውስጥ በሚኖሩ ፒቲየም፣ ራይዞክቶኒያ፣ ፊውዛሪየም በሚባሉ ተህዋስያን የሚመጣ የግንድ መበስበስ ነው፣ እርጥብ አፈርና የማይንቀሳቀስ አየር ሲያገኙ በአንድ ሌሊት ትሬይ ይጨርሳሉ። የወደቁትን ከነአፈራቸው አውጥተሽ ጣያቸው፣ ክዳኑን ዛሬውኑ አንሺው፣ ክዳን እኮ ፍሬው እስኪበቅል ነው፣ አብዛኛው ከአፈር ብቅ ካለ ሥራው አልቋል። የአፈሩ ላይኛው ክፍል ፈዘዝ ብሎ እስኪደርቅ ውሃ ከልክያቸው፣ ቀለል ያለ ነፋስ ስጫቸው። የተረፉት ሳይወድቁ ሳምንት ከሞላቸው ተስፋ አላቸው።

ያንን አፈር ደግመሽ ለችግኝ እንዳትጠቀሚበት። ትሬዩን ጭቃውን አጥበሽ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ውስጥ አሥር ደቂቃ ዘፍዝፊውና በደንብ አለቅልቂው። ቀረፋ ነስንሱበት የሚል ምክር በየቦታው ታያላችሁ፣ የሚነሰንስ ይነስንስ፣ አፈሩ እንደራሰ ከቀረ ግን ቀረፋው አያድንም።

ጥያቄ፦ ከላይ ነው ከታች ነው የሚጠጣው? አንዱ እንዲህ ይላል ሌላው እንዲያ።

መልስ፦ ለችግኝ እኔ ከታች እመርጣለሁ። ትሬዩ ላይ ሁለት ሴንቲ የሚሆን ውሃ ታደርጉና ፖቶቹን ታስቀምጣላችሁ፣ አፈሩ ራሱ ይስበዋል፣ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው አፈር ጠቆር ማለት ሲጀምር በቃ ጠጥቷል፣ የተረፈውን ድፉት። ይቺን መድፋት ነው ሰው የሚረሳው፣ "ሲፈልግ ይጠጣል" ብሎ ውሃው ላይ ጥሎት ይሄዳል፣ ከላይ ደጋግሞ ከማጠጣት አይለይም። ከታች ማጠጣት ጥቅሙ ግንዱና የላይኛው አፈር ብዙም አይርስም፣ ሥሩም ውሃውን ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳል። ጉዳቱ የማዳበሪያው ጨው እየተሳበ ላይ ይጠራቀማል፣ ስለዚህ አልፎ አልፎ ከላይ ቀስ እያላችሁ ከሥር እስኪፈስ አጠጡ። ገና ያልበቀለ ፍሬ ከሆነ ግን በስፕሬይ ነው፣ በጆግ ከደፋችሁበት ፍሬው ተንሳፎ ሌላ ቦታ ይበቅላል።

ጥያቄ፦ የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ አይገድላቸውም?

መልስ፦ አይገድላቸውም። ካሳሰበህ በሰፊ ዕቃ ክፍቱን አሳድረው፣ ክሎሪኑ ይተናል፣ የሚጨመረው ክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ የተዋሃዱበት) ከሆነ ግን በማሳደር አይወጣም። እኔ ይበልጥ የምፈራው ቀዝቃዛውን ውሃ ነው፣ በቀጥታ ከቧንቧ ቀድቶ ሞቃት አፈር ላይ መድፋት ሥሩን ያደነዝዘዋል፣ ማሳደሩ የሚጠቅመው የክፍሉን ሙቀት እንዲይዝም ነው። በጨው የሚሠራ የውሃ ማለስለሻ ቤቱ ካለ ግን ከሱ የወጣውን አትጠቀም፣ ሶዲየም ይበዛበታል።

ጥያቄ፦ የኔዎቹ ረዝመው ቀጥነው ራሳቸውን መሸከም አቃታቸው፣ ኤልኢዲ መብራቱ ከቴንቱ ጣራ ላይ ነው የተሰቀለው፣ ውሃ ነው ምንድነው?

መልስ፦ መብራት ነው። ችግኝ ብርሃን ሲያንሰው ሊደርስበት ብሎ ግንዱን ይስባል፣ ውፍረቱን ይተወዋል። መብራቱን አውርደው፣ በአንዴ ግን አይደለም፣ ዛሬ ትንሽ ነገ ትንሽ፣ ስንት ሴንቲ የሚለውን አምራቹ ከጻፈው ተነስ ምክንያቱም ዋቱ ይለያያል። ብርሃን መለኪያ ካለህ ለችግኝ ከ100 እስከ 300 ማይክሮሞል መሃል ጥሩ ነው። የቅጠሉ ጠርዝ ወደ ላይ ከተጠቀለለ ወይ ላዩ ከነጣ ቀርቦበታል፣ መልሰህ ከፍ አድርገው።

ቲማቲም ከሆነ ዕድለኛ ነህ፣ ወደ ትልቅ ፖት ስታዛውር ግንዱን እስከ ታችኞቹ ቅጠሎች ድረስ ቅበረው፣ ከተቀበረው ግንድ ሥር ያወጣል። ሰላጣ ላይ ይሄ አይሠራም፣ መሃሉ ከተቀበረ ይበሰብሳል።

ጥያቄ፦ ቶሎ እንዲያድጉ 24 ሰዓት ባበራላቸውስ?

መልስ፦ ተው። ከ16 እስከ 18 ሰዓት አብራ፣ የቀረውን ጨለማ ስጣቸው፣ ታይመር (መብራቱን በሰዓቱ የሚያበራና የሚያጠፋ) ግዛና ተገላገል። ቲማቲም በተለይ ማቋረጫ የሌለው ብርሃን ሲያገኝ ቅጠሉ ቢጫ እያለ ይጎዳል፣ ይሄ በደንብ የታወቀ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ እርጥበት መለኪያዬ ቀን 65 ፐርሰንት ይላል፣ መብራቱ ሲጠፋ 85 ይደርሳል። ፋን አንድ አለኝ፣ ቀጥታ ወደነሱ ነው ያዞርኩት፣ ሌሊት አጠፋዋለሁ።

መልስ፦ የቀኑ ቆንጆ ነው፣ ከ60 እስከ 70 ለችግኝ ይመቻል። ሌሊት የሚወጣው መብራቱ ሲጠፋ ቴንቱ ስለሚቀዘቅዝ ነው፣ አየር ሲቀዘቅዝ ሊይዝ የሚችለው ውሃ ስለሚቀንስ ያው የነበረው እርጥበት በፐርሰንት ከፍ ይላል። ቅጠሉ ደሞ በእርጥብ አየር ውስጥ ውሃ ማትነን ይቀንሳል፣ ካላተነነ አይጠጣም፣ ካልጠጣ ፖቱ አይደርቅም፣ ስለዚህ የማጠጣት ችግር የሚመስለው ብዙ ጊዜ የአየር ችግር ነው። ሌሊት ፋኑን አታጥፋ! አየር ከቴንቱ የሚያስወጣ ፋን ካለህ እሱም ሳይቋረጥ ይሥራ፣ በትክክል እየሠራ ከሆነ የቴንቱ ግድግዳ በትንሹ ወደ ውስጥ ጎበጥ ይላል፣ በዛ ታውቀዋለህ። የሚያጠጡበትም ሰዓት መብራት ሲበራ ይሁን፣ ሊጠፋ ሲል አጠጥታችሁ ዚፑን ዘግታችሁ አትተኙ።

አቅጣጫውን ግን ቀይረው፣ ግድግዳ መትቶ የሚመለስ ነፋስ ይብቃቸው። ቅጠሉ ቀስ ብሎ ሲርገበገብ ልኩ ነው፣ ያ መወዛወዝ ራሱ ግንዱን ያወፍረዋል። ወደ አንድ ጎን ከተጋደሙ በዝቷል።

ጥያቄ፦ አፈሩ ላይ ትንንሽ ጥቁር ትንኞች ይበራሉ፣ ፖቱን ስነካው ብን ይላሉ። ይጎዳሉ?

መልስ፦ የሚበሩት ብዙም አይጎዱም፣ የሚጎዱት ላይኛው ሁለት ሦስት ሴንቲ አፈር ውስጥ ያሉት ትሎቻቸው ናቸው፣ የችግኝ ጸጉር ሥር ይበላሉ። እነሱ መኖራቸው ራሱ አፈሩ ከላይ እንደማይደርቅ ይነግርሃል። ከታች ማጠጣት ጀምር፣ ላዩ ይድረቅ፣ ቢጫ ተለጣፊ ወረቀት ከፖቱ ጠርዝ ጋ አቁምላቸው፣ ወረቀቱ ግን ትልቆቹን ብቻ ነው የሚይዘው። ለትሎቹ ቢቲአይ የሚባል ባክቴሪያ ያለበት ምርት አለ፣ ከውሃ ጋር ይሰጣል፣ ተክሉን አይነካም። ከእንቁላል እስከ ትንኝ ሦስት አራት ሳምንት ስለሚፈጅ አንዴ ሰጥተህ አልሠራም አትበል፣ ደጋግመው።

ጥያቄ፦ ቅጠላቸው ቢጫ ሆነ፣ ማዳበሪያ ልስጥ?

መልስ፦ የትኛው ቅጠል? መጀመሪያ የወጡት ሁለቱ ለስላሳ ቅጠሎች ከሆኑና ከላይ ሌሎች ጤነኛ ቅጠሎች ካሉ ተያቸው፣ ስንቃቸውን ጨርሰው ነው፣ ይረግፋሉ። አዲሶቹም ጭምር ከፈዘዙ መጀመሪያ ፖቱን አንሺ፣ ከከበደ ማዳበሪያ ሳይሆን አየር ነው የጎደለው፣ በታፈነ ሥር ላይ ማዳበሪያ መጨመር ሌላ በሽታ ነው። ፖቱ ቀሎ፣ እውነተኛ ቅጠል ሁለት ሦስት ጥንድ አውጥቶ፣ አፈሩም ማዳበሪያ የሌለው ከሆነ ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ሩብ መጠን ስጪ። ችግኝ ጥቂት ነው የሚበላው፣ የቅጠል ጫፍ ሲቃጠል ካየሽ አብዝተሻል።

ጥያቄ፦ የኔ ቲማቲም ደሞ ቅጠሉ ከታች በኩል ወይን ጠጅ መሰለ።

መልስ፦ ፎስፈረስ መውሰድ አቅቶት ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን አፈሩ ውስጥ ጠፍቶ ሳይሆን አፈሩ ቀዝቅዞ ነው። ፖቶቹ ቀዝቃዛ ወለል ላይ ከተቀመጡ ከፍ አድርጋቸው፣ የአፈሩ ሙቀት ከ20 ዲግሪ በላይ ይሁን። ደሞ አንዳንድ ዝርያ በተፈጥሮው ግንዱ ቀላ ይላል።

ጥያቄ፦ ፒኤች (የአሲድነቱን መጠን) መለካት ግድ ነው?

መልስ፦ በአፈር ላይ ለችግኝ ግድ አይደለም፣ ከ6 እስከ 6.8 ከሆነ ይበቃል። በአፈር ፈንታ ኮኮ (የኮኮናት ቃጫ) ከሆነ ግን ለኩ፣ ከ5.5 እስከ 6.2።

ጥያቄ፦ ማዛወር ስለሚሰለቸኝ በቀጥታ አሥር ሊትር ፖት ላይ ዘራሁ፣ አሁን እንዴት ነው የማጠጣው?

መልስ፦ ሃሃ ትቸገራለህ ግን ይቻላል። ያቺ ሥር አሥር ሊትር አፈር ማድረቅ አትችልም፣ ሙሉውን ካራስከው ሳምንታት ይቆያል። በግንዱ ዙሪያ የቡና ስኒ አፍ የምታክል ክብ ላይ ብቻ ትንሽ ውሃ ስጥ፣ ቅጠሎቹ እየሰፉ ሲሄዱ ክቡንም አስፋው፣ የቅጠሉ ጫፍ የደረሰበት ድረስ።

ጥያቄ፦ እኔ የመጀመሪያው ጠያቂ ነኝ፣ እንዳልከኝ ከለከልኳቸው፣ ፖቱ አሁን ደረቁን ሊያክል ምንም አልቀረውም፣ ቅጠሉም ቀና ብሏል። እየፈራሁ ነው ላጠጣ?

መልስ፦ አጠጣ፣ አሁን ደሞ ፈርተህ በማንኪያ እንዳትጀምር። ስታጠጣ በደንብ ነው፣ አፈሩ በሙሉ እስኪርስ፣ የተረፈውን ድፋ፣ ከዛ እንደገና እስኪቀል አትንካው። በጣም የደረቀ አፈር መጀመሪያ ውሃ አልቀበል ብሎ በጎን ያሳልፋል፣ እንደዛ ካደረገ ትንሽ ሰጥተህ አምስት ደቂቃ ቆይተህ ድገም።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ፣ ቃሪያዬ በቅሏል ግን የፍሬው ቅርፊት ጭንቅላቱ ላይ እንደ ቆብ ቀርቷል፣ ልንቀለው?

መልስ፦ በደረቁ እንዳትነካው፣ ቅጠሎቹን ይዞ ይወጣል። በስፕሬይ አርጥቢውና ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተሽ ድገሚ፣ ከለሰለሰ በኋላ በጥርስ መጎርጎሪያ ጠርዙን ቀስ አድርገሽ ሞክሪ፣ እምቢ ካለ ተዪውና ነገ ድገሚ።