ትልቅ ቋጠሮ በቀጭን ከረባት፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥር ሲቃረብ የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሉ ስለ አንገት ይሆናል። የሰርግ ወር ነውና አልፈርድባችሁም። እንጀምር።

ተመራቂ ተማሪ ከደብረ ብርሃን፤ የከረባቱ ጫፍ የት ድረስ ይውረድ ይላል።

የቀበቶህ ዘለበት ድረስ። እንኳን ደስ ያለህ።

ሚዜ ከመሐል ሜዳ። ሙሽራው ለሚዜዎቹ ሁሉ ቀጫጭን ጥቁር ከረባት ገዝቷል። አንደኛው ሚዜ ደግሞ «ለሰርግ ደብሉ ነው የሚያምረው» ብሎ ለሁሉም ሊያስር ተነስቷል። ጠያቂያችን ሲሞክረው ቋጠሮው ከከረባቱ ሰፍቶ ታየው። ማን ነው ልክ?

አንተ ነህ። ደብል የምትሉት ዊንድሰር የሚባለው ነው። ጨርቁ በግራም በቀኝም ስለሚዞር ሰፊ ሦስት ማዕዘን ይሠራል። ይህ የሚያምረው ስምንት ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ከረባት፣ ያውም ጫፎቹ በተራራቁ ኮሌታ ላይ ነው። የእናንተ ከረባት ቢበዛ አምስት ስድስት ሳንቲ ሜትር ነው። እሱ ላይ ዊንድሰር ስታስር ቀጭን አንገት ላይ ትልቅ ጭንቅላት የተቀመጠ ይመስላል። ርዝመትም ይበላል። ቁመትህ ረዘም ያለ ከሆነ ጫፉ እምብርትህ ላይ ቆሞ ይቀራል።

ስለዚህ ተራውን እሰር። ፎር ኢን ሃንድ ይባላል። ሰፊውን ጫፍ በቀኝህ አድርገህ ከቀጭኑ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር አስረዝመው። በቀጭኑ ላይ አሳልፈህ ወደ ግራ ውሰደው። ከኋላ አዙረህ ወደ ቀኝ መልሰው። እንደገና በፊት በኩል ወደ ግራ አሳልፈው። አሁን ከሥር አስገብተህ በአንገትህ በኩል ወደ ላይ አውጣው፤ ከፊት ባለው ዙር ውስጥ ወደ ታች አሾልከው። ከማጥበቅህ በፊት ሌባ ጣትህን ከቋጠሮው ሥር፣ ጨርቁ መሃል ላይ ጫን አድርገህ ሳብ። ትንሽ ስርጉድ ትቀራለች። አትነካካት፣ ከረባቱን የምታሳምረው እሷ ናት። ቋጠሮው ራሱ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ተፈጥሮው ነው፣ ላቃናህ አትበለው።

ጨርቁ ስስ ሳቲን ሆኖ ቋጠሮው ከልክ በላይ ካነሰ፣ ወደ ላይ ከማውጣትህ በፊት አንድ ዙር ጨምርበት። ፕሪንስ አልበርት የሚሉት ይኸው ነው። ኮሌታህ ከፈት ያለ ከሆነ ግማሽ ዊንድሰርም ያስኬዳል። ከዚያ በላይ አትሂድ። እ.ኤ.አ. በ1999 ሁለት የካምብሪጅ ፊዚክስ ተመራማሪዎች በሒሳብ ቀምረው ከረባት በ85 መንገድ እንደሚታሰር አሳይተዋል። ለጥር ሰርግ አንዱ ይበቃል።

ጓደኛህ «ዊንድሰር የመኳንንት ነው» ብሎ ከተከራከረህ ይህን ንገረው። ስሙ የወጣለት የዊንድሰሩ መስፍን፣ የቀድሞው የእንግሊዝ ንጉሥ፣ ራሱ ያስር የነበረው ተራውን ነው። ቋጠሮው ትልቅ የሚመስለው ከረባቶቹን ውስጣቸውን ወፈር አድርጎ ያሰፋ ስለነበር ነው።

ኮቱንም አትርሱ። ደረት ላይ የሚታጠፈው ኮሌታ ሰፊ ከሆነ ቀጭን ከረባት እዚያ መሃል ጠፍቶ ይቀራል። ኮት ልትከራዩ ስትሄዱ ከረባቱን ይዛችሁ ሂዱና አስተያዩት።

እኔን የሚያናድደኝ ግን ያ አንድ ሰው ለሁሉም ማሰሩ ነው። አንዱ አንገተ ረጅም ነው፣ አንዱ ደንዳና ነው። የአንዱ ልክ ለሌላው አይሆንም። ደግሞስ ግብዣው ላይ ሲላላባችሁ ማን ሊያጠብቅላችሁ ነው? በዋዜማው ማታ መስታወት ፊት ቁሙና እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን እሰሩ። ሦስት አራት ጊዜ ይበላሻል፣ ከዚያ እጃችሁ ይለምደዋል።

ባለትዳር ከዓለም ከተማ። ባለቤቷ ከረባቱን ከሰርጋቸው ቀን ጀምሮ ፈትቶት አያውቅም። አላልቶ በጭንቅላቱ ያወጣና ምስማር ላይ ይሰቅለዋል። ተጨማዷል፤ ልተኩሰው?

በፍጹም። ሐር ከሆነ ካውያ ያሳርረዋል፣ ያብለጨልጨዋልም። መጀመሪያ ይፈታ። ቀጭኑን ጫፍ መዞ ማውጣት ሳይሆን፣ በታሰረበት መንገድ ወደ ኋላ እየመለሱ ነው። የከረባት ጨርቅ በሰያፍ ስለሚቆረጥ ይለጠጣል፤ ታስሮ ሲከርም ቅርጹን ያጣል። ከፈታሽው በኋላ ጠቅልለሽ ሁለት ቀን አስቀምጪው። ካልተስተካከለ ከሚፈላ ውሃ ራቅ አድርገሽ እንፋሎት አሳዪው። እድፍ ካለው ላውንደሪ ጠይቂ።

የማይፈታው ግን ማሰር ስለማይችል ይመስለኛል። ቀስ ብለሽ ጠይቂው፣ ሰው ፊት አይሁን።

ከሸዋ ሮቢት፤ በዚህ ሙቀት የላይኛውን ቁልፍ ከፍቼ ከረባቱን ላላ ባደርገውስ?

ወይ ቆልፍ ወይ አውልቅ። ላላ ያለ ከረባት ከጠብ መሃል የወጣ ሰው ያስመስላል። በሸዋ ሮቢት ፀሐይ ብታወልቀው ደግሞ ማንም አይፈርድብህም።

ጡረታ የወጡ መምህር ከአንኮበር። የማያንቅ ቋጠሮ ይፈልጋሉ። ሸሚዛቸው ትከሻው ልክ ነው፣ አንገቱ ግን አልቆለፍ ብሏል። አንገታቸው ላይ ከፊት በኩል እብጠት አለ። ሲውጡም ትንሽ ይይዛቸዋል።

መምህር፣ ከረባቱን ይተዉት። ይህ የሸሚዝ ጉዳይ አይደለም። እንቅርት ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል። ከአዮዲን እጥረት የሚመጣ አለ፣ ከሌላ ምክንያት የሚመጣም አለ። የትኛው እንደሆነ በሐኪም እጅ፣ በደም ምርመራና በአልትራሳውንድ እንጂ በደብዳቤ አይታወቅም። አዮዲን ያለበት ጨው ለቤትዎ ጥሩ ነው፣ ምርመራውን ግን አይተካም። በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈር ካሉዎትም «መንገዱ ሩቅ ነው» ብለው እንዳይቀሩ። ድምፅዎ ከጎረነነ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ነገ እንኳ አይበሉ። ደብዳቤውን የጻፈልዎት ልጅዎ ከሆነ እሱ ይውሰድዎት። አንተም ይህን ስታነብ ሰምተሃል።

እናት ከደብረ ሲና፤ ለስድስት ዓመት ልጄ በዚፕ የሚሳበው ከረባት ይሁን?

ይሁን፣ ሲሮጥ ነው የሚውለው። ለአባቱ ግን እንዳትገዢለት።