መልስ፦ ቴሌቪዥንና ራውተር (ዋይፋይ የሚያሰራጨው ዕቃ) ያለ ኤሌክትሪክ ገመድ ይሠራሉ ወይ?

ወንድሜ፣ ስልክ ያለ ገመድ ቻርጅ ከሆነ ቴሌቪዥንና ራውተር ለምን አይሆኑም ብለህ ጠይቀሃል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ችግሩ ያለው ርቀቱ ላይ ነው።

ቻርጀሩ ውስጥ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ አለ፤ ስልኩ ጀርባም እንዲሁ። በቻርጀሩ ሽቦ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጠራል። እሱ ደግሞ የስልኩ ሽቦ ላይ ኤሌክትሪክ ያስነሳል። ግን ሁለቱ በሚሊሜትር ደረጃ መቀራረብ አለባቸው። ስልኩን ትንሽ ፈቀቅ አድርገህ ሞክረው፤ ወይ ቀስ ብሎ ይሞላል፣ ወይ ጭራሽ ያቆማል።

ከሩቅ ማስተላለፍም ተሞክሯል። በ2007 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባለ 60 ዋት አምፖል ከ2 ሜትር ርቀት ላይ አብርተዋል። በጣም የሚደነቅ ሥራ ነው! ግን ከተላከው ኃይል አምፖሉ ጋ የደረሰው 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። የሽቦው ጥቅል ስፋትም ግማሽ ሜትር ያልፋል። ይህን ሳሎን ውስጥ የት ታስቀምጠዋለህ?

ስለዚህ ለቴሌቪዥኑ ገመዱን አትጥላው፤ ግድግዳው ላይ በፕላስቲክ መሸፈኛ ደብቀው። ለራውተሩ መብራት ሲጠፋም የሚያሠራ ትንሽ ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው ኃይል ሰጪ) ግዛለት። ከመግዛትህ በፊት ግን የራውተሩ አዳፕተር ላይ የተጻፈውን ቮልት እይ። የ9 ቮልት ራውተር ላይ 12 ቮልት ከተሰካ ራውተሩ ሊበላሽ ይችላል።