ጠላ ያሳደገው ምላስ ቢራ አይፈራም

ጀርመን አገር፣ ኮሎኝ ከተማ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት የሥራ ባልደረቦቼ ቢራ ቤት ወሰዱኝ። አስተናጋጁ ምን ልታዘዝ እንኳ ሳይል ቀጭን ብርጭቆ ፊቴ አስቀመጠ። 200 ሚሊ ሊትር ናት፤ ሁለት ሦስት ጉንጭ ብትሆን ነው። ጨለጥኳት። ሌላ መጣ። እሷንም ጠጣሁ፣ ሌላ መጣ። እንግዳ ነኝና እምቢ ማለት ነውር መሰለኝ። ስድስተኛው ላይ አንዱ ጓደኛዬ እየሳቀ ከብርጭቆዬ ሥር ያለችውን ክብ ካርቶን አነሳና የብርጭቆው አፍ ላይ ከደናት። አስተናጋጁ አየና ዝም ብሎ አለፈ። ለካ የከተማው ደንብ ይሄ ነው፤ ካልከደንክ ይመጣል። ካርቶኗ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ስድስት ጭረት አለ። ሂሳቤ መሆኑ ነው።

ደሴ ያደግሁት ጠላ በሚሸጥበት ቤት ነው። ደጃፋችን ላይ እንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ነበር፤ አላፊ አግዳሚው ያንን ካየ ጠላ እንዳለ ያውቃል። አክስቴ ጆጉን ይዛ ስትዞር ባዶ ጣሳ ካገኘች ትሞላለች። በእጅህ ብትከድነው "በሞቴ!" ብላ ጣቶችህን ታነሳና ትቀዳለች። ስለዚህ የኮሎኙ ነገር አዲስ አልሆነብኝም። እንዲያውም ጀርመኑ ይሻላል፣ ካርቶኗን ያከብራል።

16 ዓመት እዚያ ኖሬ አሁን ኮምቦልቻ ነኝ። ለእረፍት የሚመጡ ወንድሞችና እህቶች ሲያገኙኝ ስለ ብዙ ነገር እናወራለን፣ ማሳረጊያው ግን ሁሌ መጠጥ ነው። አንድ ነገር ይገርመኛል። ሰው አስር ዓመት ብራስልስ ኖሮ፣ አስራ ምናምን ዓመት ሲያትል ኖሮ፣ የሚጠጣው ከቦሌ ከመሳፈሩ በፊት ይጠጣው የነበረውን ዓይነት ቢራ ብቻ ነው። ቀጭን፣ ቀዝቃዛ፣ ወርቅማ። ሌላውን ለምን አትሞክርም ስለው "ኧረ ተወኝ፣ እሱ ኮምጣጣ ነው፣ ደፍርሷል፣ የተበላሸ ነው የሚመስለው" ይለኛል። አይ ያገሬ ልጅ! ኮምጣጣና ድፍርስ እኮ ነው ያሳደገህ።

እስቲ አስቡት። ቢራውን የሚያመርረው ሆፕስ የሚሉት አበባ የጌሾን ሥራ ነው የሚሠራው፤ ያመርራል፣ ቶሎ እንዳይበላሽም ያግዛል። ስለዚህ አይፒኤ የሚሉትን መራራ ቢራ ቀምሳችሁ ፊታችሁን ስታጨማድዱ ጌሾ የበዛበት ጠላ ቀምሳችሁ የማታውቁ አታስመስሉ። ብራስልስ ያላችሁ ደግሞ ላምቢክ የሚሉት ኮምጣጣ ቢራ አለላችሁ። ተቀቅሎ የወጣውን የብቅል ውኃ ሰፊ ገንዳ ላይ ዘርግተው ሌሊቱን ያሳድሩታል፣ እርሾ አይጨምሩም፤ ከአየሩና ከበርሜሉ የሚመጣው ነው የሚያብላላው። እናቶቻችንስ መቼ እርሾ ገዝተው ያውቃሉ? ከብቅሉ፣ ከጌሾው፣ ከጋኑ ነው የሚመጣው። ያልተጣራ ድፍርስ ቢራ ሲቀርብላችሁ ጉሽ ነው ብላችሁ ጠጡት። እንግሊዞች እንኳ ድሮ ከአንዱ ብቅል ሁለተኛ ውኃ አውጥተው ቀለል ያለ ቢራ ይሠሩ ነበር፤ ይሄማ ቅራሪ ነው፣ ሌላ ስም አያስፈልገውም።

ባምበርግ በምትባል የጀርመን ከተማ ብቅሉን በእንጨት ጭስ አድርቀው የሚጠምቁት ቢራ አለ፣ ራውክቢር ይሉታል። መጀመሪያ የቀመስኩ ቀን ጓደኞቼ "የተጨሰ ሥጋ ሥጋ ይላል" እያሉ ይከራከራሉ። እኔ ዝም አልኩ። ለእኔ የሸተተኝ በግራዋ ታጥቦ በወይራ የታጠነ ጋን ነው፤ አክስቴ ጓዳ ገብቼ፣ ጋኑ ውስጥ አንገቴን አስገብቼ "ሽቷል? በደንብ ሽቷል?" እየተባልኩ ነበር። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ደህና ነህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ስለዚህ የመጀመሪያ ምክሬ አጭር ነው፤ የደረሳችሁበት አገር የራሱን ጠምቆ የሚጠጣውን ጠይቁ፣ እሱን ጠጡ። አሜሪካ ያላችሁ የሰፈራችሁ ጠማቂ ቤት ገብታችሁ በትናንሽ ብርጭቆ አራት አምስት ዓይነት ደርድሩልኝ በሉ፣ ርካሽ ነው፣ ማንም አይታዘባችሁም። "ላቅምስ" ማለት እዚያ ነውር አይደለም።

ሁለተኛው ወቅቱን መጠበቅ ነው፣ ይሄን ደግሞ ከእኛ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ቤታችን ጋን የሚታጠነው ለፋሲካ፣ ለመስቀል፣ ለጥር ሠርግ፣ ለማኅበር ነው። እነሱም እንዲያው ናቸው። በእነሱ አቆጣጠር በ1553 ሙኒክ ባለችበት በጀርመኗ ባቫሪያ ውስጥ ከቅዱስ ሚካኤል ቀን እስከ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን ድረስ ካልሆነ ቢራ እንዳይጠመቅ የሚል ሕግ ወጥቶ ነበር። በሙቀት ይበላሻላ፣ ፍሪጅ የለም። የእነሱ ጊዮርጊስ ኤፕሪል 23 ነው፣ የእኛ ሚያዝያ 23። ይሄን ለአክስቴ ስነግራት "ታዲያ ጊዮርጊስና ቢራ መች ተለያይተው ያውቃሉ" አለችኝ። እንግዲህ ክልከላው ከመድረሱ በፊት በማርች ጠንከር አድርገው ይጠምቁና ለሙቀቱ ወራት ያስቀምጡታል፣ ስሙም ከወሩ መጣ፣ ሜርዘን። በመጸው ሙኒክ ላይ የሚያከብሩት በዓል የዚህ ቢራ ነበር፤ እኛ ደመራ በምንለኩስበት ሰሞን መሆኑ ነው። በዐቢይ ጾማቸው ሰሞን ደግሞ ዶፔልቦክ የሚሉት ወፍራም ቢራ ይወጣል። የሙኒክ መነኮሳት በጾም እህል ሲከለከሉ ፈሳሽ እንጀራ ነው እያሉ የሚጠጡት ነበር። ይሄኛውን ለንስሐ አባቴ አልነገርኩም።

ሲያትል ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። የአሜሪካ ሆፕስ አብዛኛው የሚበቅለው እዚያው ዋሽንግተን ግዛት ያኪማ ሸለቆ ነው። ለቅመው ሳያደርቁ፣ በዚያው በቀኑ ጋን የሚያስገቡት እርጥብ ሆፕስ ቢራ በመስከረም ነው የሚወጣው። ከአደይ አበባ ጋር እኩል። በጥቅምት ፈልጋችሁ ካጣችሁት አታልቅሱ፣ ያልፋል።

አሁን የማልቀልድበት ነገር ልናገር። ጉልበቱን አንብቡ። የእኛ አገር ጠርሙስ ቢራ 330 ሚሊ ሊትር ነው፣ ወደ 5 በመቶ አልኮል። ለንደን ላይ አንድ ፓይንት 568 ሚሊ ሊትር ነው። ቢራው 8 በመቶ ከሆነ ያቺ አንዷ ብርጭቆ ወደ ሦስት ጠርሙስ ጊዮርጊስ ትጠጋለች። "ኧረ ሁለት ብቻ ነው የጠጣሁት" ብሎ መኪና የሚያስነሳ ስንት ሰው አለ፤ ወደ ስድስት ጠርሙስ ጠጥቶ ማለት እኮ ነው! ስታውት ከሚሉት ጥቁር ቢራ አንዳንዱ ደግሞ 10 በመቶ ያልፋል፣ ጣፋጭ ስለሆነ አያስታውቅም። እሱ በትንሽ ብርጭቆ የሚቀርበው ስስት ይዟቸው አይደለም። መንጃ ፈቃዳችሁም ወረቀታችሁም በአንድ ማታ ነው የሚበላሸው፤ በባቡር ሂዱ።

ስለ ቤቱ ሥርዓት። መጀመሪያ ስሙን እናስተካክል፤ እኛ ጋ ግሮሰሪ ቢራ የሚጠጣበት ነው፣ አሜሪካ ሽንኩርት የሚገዛበት። ጃምቦ ብላችሁ ብታዙም የሚገባው የለም። እንግሊዝ አገር አስተናጋጅ ይመጣል ብላችሁ አትቀመጡ፣ ባንኮኒው ድረስ ሄዳችሁ ነው የምታዙት። እነሱ ጋ ዙር አለ፤ አንዱ ለሁሉም ይገዛል፣ ቀጥሎ ሌላው። የሦስት ሰው ዙር ጠጥቶ የራሱ ተራ ሲደርስ "ልጆቼ እየጠበቁኝ ነው" ብሎ የሚነሳ ሰው ስሙ ለዓመታት ይነሳል፤ እኔ እንደዚህ ያለ አንድ ሐበሻ አውቃለሁ፣ እስከ ዛሬ "ልጆቼ" ነው የሚሉት። እንደ እኛ "እኔ እከፍላለሁ፣ በሞቴ" ብሎ እጅ መጠማዘዝም አያስፈልግም። ጀርመን ደግሞ ባዶ ጠረጴዛ አገኘሁ ብላችሁ አትዘርጉ። ሽታምቲሽ የሚል ጽሑፍ ካለበት የቤቱ የቆዩ ደንበኞች ቦታ ነው። እኔ ተቀምጬበት አራት ሽማግሌዎች መጥተው ዙሪያዬን ቆሙ፣ አንድም ቃል አልተናገሩም። ልክ እኛ ቤት ምድጃው አጠገብ ያለው መደብ የአንድ ጋሼ እንደነበረው ማለት ነው፤ እሳቸው ባይመጡ እንኳ ማንም አይቀመጥበትም።

ወሎዬ ለሆናችሁ ይሄን ማስታወስ አያስፈልግም ነበር፣ ግን ውጭ ስንወጣ የምንረሳው ነገር አለ። እኛ ቤት በበዓል ሁለት ጆግ ነው የሚዞረው፤ አንዱ ጠላ፣ አንዱ ቀሪቦ። ግማሹ ዘመድ ሙስሊም ነው፣ ማንም "አንድ ብቻ ቅመስ" አይባልም። ጀርመን ግን የእኛው ልጆች የእኛኑ ልጅ ሲጨቀጭቁ አይቻለሁ፣ አፍሬያለሁ። ቢራ ቤት አብሯችሁ የሚመጣ የማይጠጣ ጓደኛ ካለ ከመድረሳችሁ በፊት ምን እንደሚያገኝ አስቡ። እዚያ አልኮል አልባ የሚባል ጥሩ ጥሩ ቢራ አለ፤ ነገር ግን ጀርመን ውስጥ በዚያ ስም የሚሸጠው እስከ 0.5 በመቶ አልኮል ሊኖረው ይችላል። 0.0 የሚል ሌላ አለ። ልዩነቱን ንገሩትና እሱ ይምረጥ፣ እናንተ አትምረጡለት።

ቤት ውስጥ ልጥመቅ ለምትሉ፣ አድርጉት፣ ግን የኔን አትድገሙ። አንድ ገና ሰሞን ብቅሉን ከጀርመን ሱቅ፣ ጌሾውን ከሐበሻ ሱቅ ገዝቼ ጠነሰስኩ። እንኩሮውን በመጥበሻ ቆላሁ፣ ደፈደፍኩ። ብርድ ነው፣ አይፈላም። በብርዱ ምክንያት የደሴ ጠላ ከኮምቦልቻው ዘግይቶ እንደሚደርስ እያወቅሁ ትዕግሥት አጣሁ። እቃውን ማሞቂያው ጥግ አስጠጋሁት፣ ትንሽ ፈላ ሲል ደረሰ ብዬ ቀዳሁና የጠርሙሶቹን አፍ ጥርቅም አድርጌ ቁም ሳጥን ውስጥ ደረደርኳቸው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዱ ፈነዳ። ከዚያ ሁለተኛው። ከዚያ ሁሉም ተቀባበሉት። ጎረቤቴ በሌሊት ልብሷ በሬን ስትደበድብ እኔ መጥረጊያ ይዤ የጌሾ ቅጠል ከሸሚዜ ላይ እለቅማለሁ። የሠርጌ ሱፍ እስከ ዛሬ ጠላ ጠላ ይላል። መፍላቱን ሳይጨርስ የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ አትዝጉት። አየር በሚያስወጣ የፕላስቲክ እቃ ይሁን፣ መተንፈሱን እስኪያቆም ጠብቁ። ደግሞ ለማኅበርና ለበዓል ጥመቁ እንጂ አትሽጡት፣ መሸጥ ፈቃድ ይጠይቃል።

ወደ አገር ስትመጡስ? ኮምቦልቻ ቢራ ፋብሪካው አለ፣ ድራፍቱም አለ፣ ጠጡ። ግን አንድ ከሰዓት ጠላ ቤት ቁጭ በሉ። ስትገቡ "መቼ ተከፈተ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ አዲስ የተከፈተና የቆየ አንድ አይደለም፣ እየዋለ ሲያድር ይኮመጥጣል። የመጀመሪያው ቀን በአንድ ጣሳ ይብቃችሁ፣ ሆዳችሁ ውኃውን ረስቶታል። ለቤቱ ሰው በሙሉ ቅዱለት ብላችሁ ብር አትበትኑ፤ የዛን ቀን ይጨበጨብላችኋል፣ በማግስቱ የሚቀመጣችሁ ሰው አታገኙም። ሰው እየጠጣ ሳለም ስልክ አውጥታችሁ ፊቱን አትቅረጹ፣ ቤተሰብ ያለው ሰው ነው።

እኔ ራሴ መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ ጣሳውን ይዤ አሸተትኩ፣ አወዛወዝኩ፣ ጉንጬ ውስጥ አንከባለልኩ፣ ከዚያ ስለ ጭሱና ስለ ምሬቱ ለአክስቴ ማብራራት ጀመርኩ። ጨርሼ እስክናገር ጠበቀችኝና "ልጄ፣ ጠጣው እንጂ አትመርምረው" አለችኝ። ጠጣሁት። ሦስተኛው ላይ በቃኝ አልኩና በልማድ ኪሴን ዳብሼ ከኮሎኝ ይዣት የመጣኋትን ክብ ካርቶን ጣሳው ላይ ከደንኩ። እሷ ጆጉን ይዛ መጣች። ካርቶኗን በሁለት ጣቷ አነሳች፣ እስከ አፉ ሞላችው፣ መልሳ ከደነችው።

"ጥሩ አደረግህ" አለች፣ "ዝንቡ አስቸግሯል።"